እግር ቁልቁለት ላይ ለምን ወለም ይላል?

እንጦጦ ላይ ጭራሮ ለቅመው ወደ ከተማ የሚወርዱትን ሴቶች አረማመድ ልብ ብላችሁ እዩ። እርምጃቸው አጭር ነው። ጉልበታቸው ሁልጊዜ ትንሽ ታጠፍ ብሏል። የባሕር ዛፉ ቅርንጫፍ ጀርባቸው ላይ ተጋድሞ የመንገዱን ወርድ ይሞላል፤ እግራቸው ግን ከመሬት ብዙም አይነሳም። እዚያው መንገድ ላይ ባዶ እጁን፣ ጉልበቱን ገትሮ፣ እየተንደረደረ የሚወርድ ጎረምሳ አይጠፋም። ወለም እንዳይለው የምሰጋው ለእሱ ነው።

ነገሩ የጥንቃቄ ጉዳይ ብቻ አይደለም፣ የአጥንት አሠራርም አለበት። የቁርጭምጭሚት መገጣጠሚያ ጉልበት አጥፈን ስንወርድ ይጠብቃል፤ ጣታችን ወደ መሬት ሲዘረጋ ደግሞ ይላላል። ለምን እንደሆነ ለማየት ከጉልበት በታች ያለውን እግራችንን እየዳሰስን እንውረድ። ካልሲ አውልቁ። ከእጃችሁ ሌላ መሣሪያ አያስፈልግም።

ይህን መጻፍ የፈለግሁት ከተማው ዳር ለምንኖር ሰዎች ነው። ኮዬ ፈጬም ይሁን ቱሉ ዲምቱ፣ የካ አባዶም ይሁን ሱሉልታ፣ ከቤት እስከ ታክሲው ያለው መንገድ ቁርጭምጭሚትን ይፈትናል። የሆነ ቦታ ኮብልስቶኑ ተነቅሏል። የሆነ ቦታ ለውኃ መስመር ተቆፍሮ በወጉ ሳይደፈን ቀርቷል። ክረምት ሲገባ ጭቃው ድንጋዩንም ጉድጓዱንም አንድ ያደርጋቸዋል። "ወለም አለኝ" የማይል ቤተሰብ የለም።

ሁለቱ አጥንቶች

ከጉልበት በታች ሁለት አጥንቶች ጎን ለጎን ይወርዳሉ። ወፍራሙ ቲቢያ ይባላል። ከጭን አጥንት ቀጥሎ በሰውነታችን ረጅሙ አጥንት እሱ ነው። ቅልጥማችሁን ከፊት ለፊት በጣት ብትዳስሱት ጠርዙ ከላይ እስከ ታች ይሰማችኋል። ከጠርዙ ወደ ውስጥ በኩል ባለው ገጽ ላይ ጡንቻ የለም፤ ቆዳ ብቻ ነው። የአልጋ ጠርዝ ሲመታን እንባችን የሚመጣው በዚህ ምክንያት ነው። በሞተር ሳይክል አደጋ ቲቢያ ሲሰበር አጥንቱ ቆዳውን ቀዶ ብቅ ማለት የሚቀናውም ለዚሁ ነው። ወደ ታች ወደ ቁርጭምጭሚቱ ሲጠጋ ደግሞ ደም እንደ ልብ አይደርሰውም። እዚያ አካባቢ የተሰበረ ሰው ለወራት ክራንች ይዞ ብታዩት አይግረማችሁ።

ቀጭኑ ፊቡላ ነው፣ በውጭ በኩል። የሰውነት ክብደት የሚወርደው በአብዛኛው በቲቢያ ነው፤ የፊቡላ ድርሻ ትንሽ ነው። ሥራ ፈት ግን አይደለም። ጡንቻዎች ይያያዙበታል፣ ታች ሲደርስ ደግሞ የቁርጭምጭሚቱ የውጭ ግድግዳ ይሆናል።

አሁን ቁርጭምጭሚታችሁን ከግራና ከቀኝ በሁለት ጣት ያዙት። የውስጠኛው ጉብታ የቲቢያ ጫፍ ነው፤ የውጭው የፊቡላ። የትኛው ዝቅ ይላል? የውጭው። አንድ ሳንቲ ሜትር ያህል ዝቅ ብሎ፣ ትንሽም ወደ ኋላ ሸሸት ብሎ ታገኙታላችሁ። ይህችን ልዩነት ያዟት፤ ቆይተን እንመለስባታለን።

በሁለቱ ጉብታዎች መሃል የምትገባው አጥንት ታለስ ትባላለች። ሁለቱ አጥንቶች እንደ ጉጠት ከግራና ከቀኝ ይዘዋታል። ክብደታችን ሁሉ ወደ እግር መዳፍ የሚያልፈው በእሷ በኩል ነው። ይህን ሁሉ ተሸክማ ግን አንድም ጡንቻ አልተያያዘባትም። የያዟት ጅማቶችና ጎረቤቶቿ አጥንቶች ብቻ ናቸው። ከገጽታዋ ከግማሽ በላይ የሚሆነው መገጣጠሚያ ስለሆነ በልም አጥንት ተሸፍኗል፤ ስለዚህ የደም ስር የሚገባባት ቦታ ጠባብ ነው። አንገቷ ላይ ከተሰበረች ደም ተቋርጦባት አጥንቱ ሊሞት ይችላል። የአጥንት ሐኪሞች ይህን ስብራት የሚፈሩት ወድደው አይደለም።

ወደ ቁልቁለቱ እንመለስ። የታለስ የላይኛው ገጽ ከፊት ሰፊ ነው፣ ከኋላ ጠባብ። ጣቶቻችሁን ወደ ቅልጥማችሁ ስታነሱ ሰፊው ክፍል በሁለቱ ጉብታዎች መሃል ይገባና ጥርቅም ይላል። ጣቶቻችሁን ወደ መሬት ስትዘረጉ ደግሞ ጠባቡ ክፍል ይመጣል። ክፍተት ይፈጠራል፣ ታለስ ወዲህና ወዲያ ማለት ትችላለች።

ጉልበት ገትሮ ቁልቁል የሚወርድ ሰው እግሩን የሚያሳርፈው ጣቱን ወደ ታች ዘርግቶ ነው። መገጣጠሚያው በላላበት ሰዓት ማለት ነው። ጭራሮ ተሸካሚዎቹ ግን ጉልበታቸውን ሲያጥፉ ቅልጥማቸው ወደ ፊት ያዘነብላል፣ ሰፊው የታለስ ክፍል ቦታውን ይይዛል። ባለ ረጅም ተረከዝ ጫማ የለበሰች ሴት ቀኑን ሙሉ ቁልቁለት ላይ እንደቆመች ቁጠሩት። ለኳስ ዘሎ የሚያርፍ ልጅም፣ መብራት ጠፍቶ የኮንዶሚኒየም ደረጃ የመጨረሻዋን እርከን የሳተ ሰውም እንደዚያው ነው። ሁሉም መሬት የሚነኩት በላላ ቁርጭምጭሚት ነው።

ለምን ሁልጊዜ ወደ ውስጥ?

ወለም ያለውን ሰው "የት ጋ ነው ያመመህ?" ብትሉት በአብዛኛው የሚያሳያችሁ አንድ ቦታ ነው። ከውጭው ጉብታ ፊት ለፊትና ከሥሩ። ውስጥ እግሩ ወደ ሌላኛው እግሩ ዞሮ ታጥፎ ማለት ነው። በተቃራኒው የሚታጠፍ ሰው ጥቂት ነው።

አንዱ ምክንያት ቅድም ያልኳችሁ የጉብታዎቹ ልዩነት ነው። የውጭው ዝቅ ስለሚል እግሩ ወደ ውጭ እንዳይታጠፍ ያግደዋል። የውስጠኛው አጭር ነው፤ ወደ ውስጥ ለሚታጠፈው ብዙም አያግድም።

ሌላው ጅማቶቹ ናቸው። በውስጥ በኩል ያለው ጅማት ሰፊና ወፍራም ነው። በጣም ከመጠንከሩ የተነሳ አንዳንዴ እሱ ከመበጠሱ በፊት አጥንቱ ይሰነጠቃል። በውጭ በኩል ግን ያሉት ሦስት የተለያዩ ቀጫጭን ጅማቶች ናቸው። ከሦስቱ ደካማው ከፊት ያለው፣ ፊቡላን ከታለስ ጋር የሚያገናኘው ነው። ክፋቱ፣ ይህ ጅማት የሚወጠረው ጣት ወደ መሬት ሲዘረጋ ነው። አጥንቱ በላላበት ሰዓት ጭነቱን ሁሉ የሚቀበለው እሱ ነው ማለት ነው። መጀመሪያ የሚበጠሰውም እሱ ነው። የማጠፉ ኃይል ከቀጠለ ወደ ተረከዝ አጥንት የሚወርደው ሁለተኛው ይከተላል። ከኋላ ያለው ሦስተኛው ብዙ ጊዜ ይተርፋል።

መለጠጥ፣ በከፊል መበጠስ፣ ሙሉ በሙሉ መበጠስ፤ ወለምታ ስንል እነዚህን ሁሉ በአንድ ስም እየጠራን ነው። በማግስቱ ጣቶቹ ድረስ ወርዶ የሚታየው ጥቁር ሰማያዊ ቀለም ብዙ ሰው ያስደነግጣል። የፈሰሰው ደም ቁልቁል ወርዶ ነው እንጂ ሌላ ቦታ ተጎድቶ አይደለም።

በውጭ በኩል ጠባቂዎች አሉን። ከውጭው ጉብታ ጀርባ ጣታችሁን አሳርፉና የእግራችሁን የውጭ ጠርዝ ወደ ላይ ለማንሳት ሞክሩ። ከጣታችሁ ሥር ክር የመሰለ ነገር ሲወጠር ይሰማችኋል። እነዚህ ከፊቡላ ላይ ተነስተው የሚመጡ የሁለት ጡንቻዎች ጅማቶች ናቸው። አንዱ በእግር መዳፋችሁ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ ካለው አጥንት ይጣበቃል። ሌላው በውስጥ እግር ሥር አቋርጦ እስከ አውራ ጣቱ በኩል ይሄዳል። እግር ወደ ውስጥ መታጠፍ ሲጀምር ወደ ውጭ የሚመልሱት እነሱ ናቸው።

ግን መልእክት መቀበል አለባቸው። ጅማቶቻችን ውስጥ "ዘንበል ብያለሁ" ብለው ለአከርካሪ የሚነግሩ የነርቭ ጫፎች አሉ። ጅማት ሲበጠስ እነሱም ይጎዳሉ። እብጠቱ ጠፍቶ፣ ሕመሙ ተረስቶ፣ ያው እግር በስድስት ወሩ ተመልሶ ወለም የሚለው አንዱ በዚህ ነው። መድኃኒቱ ደግሞ ምንም ገንዘብ አያስወጣም። ሕመሙ ከቀለለ በኋላ ጥርስ ስትቦርሹ በዚያ እግር ብቻ ቁሙ። ሲቀላችሁ ዓይናችሁን ጨፍኑ፤ ግድግዳ ግን አጠገባችሁ ይኑር። ቀላል ይመስላል። ሞክሩትና ንገሩኝ።

የእነዚህን ጠባቂዎች ነርቭም ላሳያችሁ፣ ለገበሬ ዘመዶቻችሁ ትነግሩልኛላችሁ። ከጉልበታችሁ በታች በውጭ በኩል ክብ አጥንት አለ፤ የፊቡላ ራስ ነው። ነርቩ ከእሱ ዝቅ ብሎ አጥንቱን ይዞራል። ከላዩ ቆዳ እንጂ የሚረባ ሥጋ የለም። ከአቃቂ ወዲያ ባሉት ማሳዎች ላይ ቁጢጥ ብሎ ጤፍ ሲያርም የሚውል ሰው ይህን ነርቭ ለሰዓታት ተጭኖት ሊውል ይችላል። ማታ ሲነሳ እግሩ አልነሳ ይለዋል። ጣቱ እየተጎተተ ጫማው መሬት ይጠርጋል። ቤተሰብ "ምች መታው" ይላል። ነርቩ ተጭኖ ብቻ ከሆነ ብዙ ጊዜ በሳምንታት ወይም በወራት ውስጥ ይመለሳል፤ ሐኪም ግን ማየት አለበት። እጅም አብሮ ከዛለ ወይም ፊት ከተጣመመ ጉዳዩ የእግር አይደለም፣ የአንጎል ነው፤ በዚያው ሰዓት ወደ ሆስፒታል።

ተሰብሯል ወይስ ወለም ብሎ ነው?

ቅዳሜ ከሰዓት፣ የሰፈር ሜዳ። አንድ ልጅ ዘሎ ሲያርፍ ወደቀ። ሁሉም ተሰበሰበ።

"ተነስና ተራመድ እስቲ!"

"ኧረ አትንኩት! ወጌሻ ጋ ውሰዱት፣ በቅቤ ያሹለታል።"

"ምን ወጌሻ፣ ራጅ ይነሳ እንጂ!"

ማን ልክ ነው? ለዚህ ጥያቄ ጥሩ መልስ የተገኘው በ1992 (እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር፤ ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ ናቸው) ካናዳ ኦታዋ ውስጥ ነው። ድንገተኛ ክፍል የሚመጣ ቁርጭምጭሚት ሁሉ ራጅ ይነሳ ነበር፤ አብዛኛው ግን አልተሰበረም። ሐኪሞቹ ራጅ የሚያስፈልገውን በእጅ የሚለይ ደንብ አወጡ። ዛሬ በብዙ አገር ይሠራበታል፣ ራጅ ሩቅ ለሆነበት ሰው ደግሞ ወርቅ ነው።

ደንቡ እንዲህ ነው። የሁለቱን ጉብታዎች የኋላ ጠርዝ ከጫፋቸው ጀምሮ ወደ ላይ እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ድረስ ጫን በሉት። ከዚያ በእግር መዳፍ የውጭ ጠርዝ መሃል ላይ የምትወጣውን አጥንት፣ ቅድም ጡንቻ ይጣበቅባታል ያልኩትን። ከዚያ በውስጥ በኩል፣ ከውስጠኛው ጉብታ ፊት ዝቅ ብላ ያለችውን የቅስቱን አናት አጥንት። ከእነዚህ አንዱ አጥንት ላይ ሲጫኑት የሚያም ከሆነ ራጅ። የተጎዳው ሰው እዚያው እንደወደቀም፣ ጤና ጣቢያ ደርሶም አራት እርምጃ መራመድ ካቃተው ራጅ። እያነከሰም ቢሆን ከሄደ እንደ ሄደ ይቆጠራል። ከእነዚህ አንዱም ከሌለ የከፋ ስብራት የመኖሩ ዕድል በጣም ትንሽ ነው።

ጡንቻ የሚጣበቅባት ያቺ የውጭ አጥንት ለምን ተካተተች? እግር ወደ ውስጥ ሲታጠፍ ጠባቂው ጡንቻ በኃይል ሲስብ ራሷን አጥንቷን ቆርሶ ሊወስድ ስለሚችል ነው። ብዙ ሰው ቁርጭምጭሚቱን ብቻ አስመርምሮ ይህችን ያልፋታል።

ደንቡ ለአዋቂ ነው የተሠራው። ገና በማደግ ላይ ያለ ልጅ አጥንቱ ጫፍ ላይ የማደጊያ ሽፋን አለው፤ ያ ሽፋን ከጅማቱ ሊደክም ይችላል። ስለዚህ ልጅ ላይ "ወለም ብሎት ነው" ለማለት አትቸኩሉ። በስኳር በሽታ እግሩ የደነዘዘ ሰው ላይም አይሠራም፤ ተሰብሮም ላያመው ይችላል።

ስለ ማሸት የኔን ሐሳብ ከጠየቃችሁኝ፣ የመጀመሪያዎቹን ቀናት እጃችሁን ሰብስቡ። የተበጠሰ ጅማት ዙሪያ ደም እየፈሰሰ ነው፤ እዚያ ላይ ጠንክሮ ማሸት ደሙንም እብጠቱንም ይጨምራል። ቀዝቃዛ ነገር በጨርቅ ጠቅልላችሁ ከ15 እስከ 20 ደቂቃ ያዙበት። ከሱቅ የተገዛ የቀዘቀዘ የውኃ ላስቲክም ይሆናል። እግሩን ትራስ ላይ ከፍ አድርጉት። ከቻለ ቀስ እያለ ይርገጥበት፤ ሳምንት ሙሉ አልጋ ላይ መዋል አይጠቅመውም።

ሃያ ስድስት አጥንት

በአንድ የእግር መዳፍ ውስጥ 26 አጥንቶች አሉ። በሁለቱ 52። የአዋቂ ሰው አጥንት በጠቅላላው 206 ነው፤ ሩብ ያህሉ የሚገኘው ጫማችን ውስጥ ነው። ሰባቱ ከኋላና ከመሃል፣ አምስቱ ረጃጅሞች ከፊታቸው፣ አሥራ አራቱ ጣቶች ውስጥ። አውራ ጣት ሁለት አጥንት ብቻ ነው ያላት፣ ሌሎቹ ሦስት ሦስት።

ይህን ያህል ቁራጭ ለምን አስፈለገ? እግር በአንድ እርምጃ ውስጥ ሁለት ተቃራኒ ሥራ ስላለው ነው። ሲያርፍ ልል መሆን አለበት፤ ድንጋዩንም ጉድጓዱንም ተቀብሎ እንዲመቻች። ሲገፋ ግን መገተር አለበት፤ አለዚያ ባት የሚልከው ጉልበት መሃል ላይ ይጠፋል። ተቀምጣችሁ እግራችሁን መሬት ላይ አኑሩና አውራ ጣታችሁን በእጃችሁ ወደ ላይ አንሱት። ቅስታችሁን እዩት። ከፍ ይላል። ከተረከዝ ተነስቶ እስከ ጣቶች የሚዘረጋ ጠንካራ ሽፋን ውስጥ እግራችሁ ሥር አለ። ጣት ሲነሳ ይጎትተዋል፣ እሱም ተረከዙንና የፊቱን ክፍል ያቀራርባል፣ እግሩ ይገተራል። ተረከዛችሁን ከመሬት አንስታችሁ ወደ ፊት በገፋችሁ ቁጥር ይህ ራሱ ይሆናል።

ይህ ሽፋን ተረከዝ ላይ የሚጣበቅበት ቦታ ሲጎዳ፣ ጠዋት ከአልጋ ሲወርዱ የመጀመሪያው እርምጃ ሚስማር የረገጡ ያህል ይወጋል። ጥቂት ከተራመዱ ይቀላል። ብዙ የሚቆሙ፣ ክብደት የጨመሩ ወይም ባታቸው የጠበቀ ሰዎች ላይ ይበዛል። ከአልጋ ሳትወርዱ ጣቶቻችሁን ወደ ራሳችሁ ስባችሁ ሽፋኑንም ባቱንም አሳስቡት። ይረዳል፣ ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ወራት ሊፈጅ ይችላል።

ልጃቸው "እግሩ ጠፍጣፋ ነው" ብለው የሚጨነቁ ወላጆች፦ ትንሽ ልጅ ሁሉ እንደዚያ ነው። ቅስቱ የሚታየው በአብዛኛው እስከ አምስትና ስድስት ዓመት ባለው ጊዜ ነው። ካላመመው ጫማ ውስጥ የሚገባ ውድ ነገር ለመግዛት አትሩጡ።

የዚህ ቅስት የዕድሜ ማስረጃ ያለው ደግሞ እኛው አገር ነው። ሐዳር ላይ የተገኘችና በ2011 ይፋ የሆነች አንዲት የእግር አጥንት፣ የድንቅነሽ ወገኖች ከ3.2 ሚሊዮን ዓመት በፊት ቅስት ያለው እግር እንደነበራቸው አሳይታለች። ያቺ አጥንት ከአምስቱ ረጃጅሞች አራተኛዋ ናት፣ ከትንሿ ጣት ቀጥሎ ያለችው። በ2009 ደግሞ እዚያው አፋር ውስጥ፣ ቡርቴሌ በሚባል ቦታ፣ የዶክተር ዮሐንስ ኃይለሥላሴ ቡድን የ3.4 ሚሊዮን ዓመት ዕድሜ ያለው የእግር ክፍል አገኘ። የእሱ አውራ ጣት ወደ ጎን የተከፈተ ነበር፤ ቅርንጫፍ ለመያዝ የሚሆን። በአንድ ዘመን፣ በአንድ አካባቢ፣ ሁለት ዓይነት እግር ይራመድ ነበር ማለት ነው። በበኩሌ ስለ ሰው አመጣጥ ከሚነገረው ሁሉ ይህን የሚያህል የሚያስገርመኝ የለም።

ባት

ባት ሁለት ጡንቻ ነው። ከላይ የሚታየው፣ ሯጮች ላይ ለሁለት የተከፈለው፣ ከጉልበት በላይ ተነስቶ ይወርዳል። ከሥሩ የተደበቀው ሰፊውና ጠፍጣፋው ሶሊየስ ይባላል። ሁለቱም ታች ተገናኝተው ተረከዝ ላይ በአንድ ጅማት ያበቃሉ። እሱም አኪለስ ነው፤ 15 ሳንቲ ሜትር ያህል ርዝመት ያለው፣ ከሰውነታችን ጅማቶች ሁሉ ወፍራሙና ጠንካራው።

ማለዳ ሱሉልታ የሄደ ሰው ሯጮቹ በ2,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ሣሩን ሲረግጡት አይቷል። ጅማታቸው ሲያርፉ ይለጠጣል፣ ሲነሱ ተመልሶ ይሸበሸባል፤ የተለጠጠበትን ጉልበት አብዛኛውን መልሶ ይሰጣል። ባዶ እግሩን የሚሮጥ ሰው ብዙ ጊዜ በተረከዙ ሳይሆን በመዳፉ ፊት ነው የሚያርፈው፤ ስለዚህ ይህ ጅማትና ባቱ ይበልጥ ይሠራሉ። አበበ ቢቂላ በ1960 ሮም ላይ 2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ የገባው በባዶ እግሩ ነው። ከአራት ዓመት በኋላ ቶኪዮ ላይ ጫማ አድርጎ 2 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ከ11 ሰከንድ ገባ። ባዶ እግር ከጫማ ይሻላል አይሻልም የሚለውን ክርክር በዚህ መፍታት አይቻልም። ዕድሜ ልኩን በጫማ የኖረ ሰው በአንድ ጊዜ ባዶ እግሩን ልሩጥ ቢል ግን መጀመሪያ የሚጮኸው ባቱ፣ ቀጥሎም የእግሩ ረጃጅም አጥንቶች ናቸው። በተለይ ሁለተኛው በድካም ብዛት ፀጉር የመሰለ ስንጥቅ ያወጣል፤ በመጀመሪያዎቹ ሁለት ሳምንታት ራጅ ላይ ላይታይ ይችላል።

አኪለስ የሚበጠሰው ብዙ ጊዜ ከተረከዝ ከ2 እስከ 6 ሳንቲ ሜትር ከፍ ብሎ ነው። እዚያ ላይ ደም ይቀንስበታል። የተበጠሰበት ሰው "ከኋላዬ ማን መታኝ?" ብሎ ዞር ይላል። ማንም የለም። ከዚያ በኋላም እያነከሰ ይራመዳል፤ ሌሎች ጡንቻዎች ስለሚያግዙት። በዚህ ምክንያት ተሸውዶ ሳምንታት የሚያሳልፍ አለ። በሆዱ ተኝቶ እግሩን ከአልጋው ጠርዝ አሳልፎ ያንጠልጥል፣ ባቱን ጭብጥ አድርጉት። ጤነኛ ከሆነ የእግር መዳፉ ወደ ታች ይንቀሳቀሳል። ዝም ካለ ጅማቱ ተበጥሷል። ሲፕሮ ከፋርማሲ እየገዛችሁ በራሳችሁ ለምትወስዱም አንድ ነገር ልበል። ይህ መድኃኒትና ዘመዶቹ በዚህ ጅማት ላይ ጉዳት ሊያደርሱ እንደሚችሉ የታወቀ ነው።

ሶሊየስ ሌላም ሥራ አለው። በጥልቅ ያሉትን ደም መልሶች በተጨበጠ ቁጥር ይጨምቃቸዋል። በደም መልሶቹ ውስጥ ያሉት ቫልቮች ደሙን ወደ ላይ ብቻ ያሳልፋሉ። የሚራመድ ሰው ደሙ ሽቅብ ይሄዳል። ሌሊቱን በር ላይ ቆሞ የሚያድር ጥበቃ ግን ባቱ ስለማይንቀሳቀስ ወደ ንጋት ካልሲው ምልክት ያወጣበታል። ተረከዝ ከፍ ዝቅ ማድረግ በቂ ነው፣ ቦታ መልቀቅ አያስፈልግም። ሁለቱም እግር አመሻሽ ላይ ቢያብጥ ይህ ሊሆን ይችላል። አንዱ ብቻ በድንገት አብጦ ባቱን ካመመው ግን የረጋ ደም ሊሆን ስለሚችል ያን ቀን መታየት አለበት።

ለምን አጥብቆ ማሰር ያሰጋል?

ከሁሉም በላይ እንድትይዙልኝ የምፈልገው ይሄን ነው።

ከጉልበት በታች ያሉት ጡንቻዎች በአራት ክፍሎች ተከፋፍለዋል። አንዱ ከፊት፣ አንዱ ከውጭ ጎን፣ ሁለቱ ከኋላ። እያንዳንዱን ክፍል የሚከበው ሽፋን አይለጠጥም። ቅልጥም ሲሰበር ውስጥ ደም ይፈስሳል፣ ጡንቻው ያብጣል፣ መሄጃ ግን የለውም። ግፊቱ ይጨምራል። ከሆነ ልክ ካለፈ ትንንሾቹን የደም ስሮች ይዘጋቸዋል። ጡንቻውና ነርቩ ደም አጥተው በሰዓታት ውስጥ መሞት ይጀምራሉ፤ ስድስት ሰዓት ገደማ ካለፈ ጉዳቱ ብዙ ጊዜ አይመለስም።

ከዚህ ላይ ከውጭ አጥብቆ የታሰረ ቀርከሃና ጨርቅ ሲጨመርበት አስቡት። በአገራችን ሆስፒታሎች ተቆርጠው ከሚታዩት እግሮችና እጆች ውስጥ፣ በተለይ የልጆች፣ ታሪካቸው እንዲህ የሚጀምር ብዙ ናቸው። ሰርጀኖቻችን ደጋግመው ጽፈውበታል። ወጌሻን ለመንቀፍ አይደለም። ቅርብ ነው፣ ዋጋው ይቻላል፣ የተሰበረ እንዳይንቀሳቀስ መደገፉም ትክክል ነው። ችግሩ ያለው ጥበቱ ላይ ነው፤ ሐኪም ቤት የተሠራ ጀሶም ከጠበበ ያው ነው።

በማንኛውም አስተሳሰር ጣቶቹ መታየት አለባቸው። ምልክቱ ሕመም ነው፣ ግን ተራ ሕመም አይደለም። ማስታገሻ ወስዶ የማይቀንስ፣ በየሰዓቱ የሚጨምር፣ የእግር ጣቱን ቀስ ብላችሁ ስታንቀሳቅሱለት የሚያስጮኸው ዓይነት ነው። ባቱ ወይም ቅልጥሙ እንጨት ይሆናል። በአውራ ጣትና በሁለተኛዋ መሃል ያለው ቆዳ ከደነዘዘ የፊተኛው ክፍል ነርቭ እየተጨነቀ ነው። ልጅ "ያመኛል" ብሎ ሌሊቱን ሲያለቅስ ካደረ "ስብራት ነው፣ መቼም ያማል" ብላችሁ አትለፉት።

በእግር መዳፍ የላይኛው ገጽ ላይ፣ በአውራ ጣቱ መስመር ወደ ላይ፣ የደም ምት ይገኛል። ሌላው ከውስጠኛው ጉብታ ጀርባ ነው። ምቱ ካለ "ደም እየሄደ ነው" ብለው የሚረጋጉ አሉ። አያረጋጋም። ትልቁ የደም ስር የሚዘጋው መጨረሻ ላይ ነው፤ ጡንቻው ከዚያ በፊት ሊሞት ይችላል።

እንዲህ ሲሆን ጨርቁን ፍቱት፣ ቀርከሃውንም አንሱት። እግሩን ከልብ ከፍ አታድርጉት፤ እኩል ያዙት፤ ከፍ ሲል የሚደርሰው ደም ይቀንሳል። ለወለምታ ከፍ አድርጉ ብዬ ነበር፤ እዚህ ላይ ግን አይሠራም። አትሹት፣ አታሙቁት። ጀሶ ከሆነ ራሳችሁ ለመቁረጥ አትታገሉ፣ ወደተሠራበት ወይም ወደሚቀርበው ሆስፒታል ሩጡ፤ ሌሊትም ቢሆን። የሚያድነው ሽፋኑን በቀዶ ሕክምና ከፍቶ ግፊቱን መልቀቅ ነው፣ ያ ደግሞ ከሰዓት ጋር የሚደረግ ውድድር ነው። ስለዚህ ስትደርሱ በመጀመሪያ የምትናገሩት ሁለቱን ሰዓቶች ይሁን፤ የተጎዳበትንና የታሰረበትን።